ደጀን አፋፍ ላይ የቆመችው ሚኒባስ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍሁ እያልሁ ትንንሹን እዘረግፍላቸውና ትልቁን ይዤው እመለሳለሁ። ይህን የሚያነቡት እርስዎ አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም። ለእርስዎ መናገሩ የቀለለኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ የዘይት ቅያሪው ኃላፊ ነኝ። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፤ አሮጌውን ዘይት ማፍሰስ፣ ፊልትሮውን መለወጥ፣ አዲሱን ዘይት መሙላት። ግን አንድ ተንኮል አለው። የዘይት ፊልትሮ አፉ ላይ ጎሚኒ የምንለው የላስቲክ ቀለበት አለ። አንዳንዴ አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ጎሚኒው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳያዩት አዲሱን ፊልትሮ ካሰሩበት ጎሚኒ በጎሚኒ ላይ ይደረባል። ግቢ ውስጥ ጠብ አይልም፤ መንገድ ላይ ሞተሩ ሲግል ግን ዘይቱን ይተፋዋል። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ማንም መካኒክ አሮጌውን ፊልትሮ ከነጎሚኒው ጠረጴዛዬ ድረስ አምጥቶ ሳያሳየኝ አዲሱን አያስርም። በዚህ ሕግ እንዴት እንደምኮራ! ከሌላ ጋራዥ እንግዳ ሲመጣ እጁን ይዤ አሳየው ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ፈንታሁን የሚባል መካኒኬ ይህንኑ ስሕተት ሠራ። መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ ስለተደረሰበት የተጎዳ ነገር አልነበረም። እኔ ግን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አዋረድሁት። "ጣት የለህም? ጣት ካለህ ለምን አልዳሰስህም?" አልሁት። ለሳምንት ከሥራ አገድሁት። በእሱ መታገድ የሰው እጅ አጠረን፤ ወረፋው ከበሩ አልፎ አስፋልት ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እኔው ቱታ ለብሼ ከመኪና ሥር ሆነን የምንሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ።

የመጀመሪያዋ የይርጋ ሚኒባስ ነበረች። ይርጋ የዚያው አገር፣ የይጁቤ ከተማ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ የሰው መኪና ይዞ ከማርቆስ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። "ዛሬማ በጋሼ እጅ! እንግዲያ ዓባይ በረሃን ዓይኔን ጨፍኜ እወርደዋለሁ" አለ። ሳቅን። ፊልትሮውን ፈታሁ፣ አዲሱን አሰርሁ፣ ዘይት ሞላሁ፣ ሸኘሁት። አሮጌውን ማን ለማን ያሳየው? አሳዩኝ ባዩ እኔ ነበርሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አሮጌውን ፊልትሮ ካስቀመጥሁበት አነሣሁት። ጎሚኒ የለውም።

ጠርጥሮ ይሆናል ይሉኝ እንደሆነ፣ አልጠረጠርሁም። አወቅሁ። የይርጋ ቁጥር መዝገቤ ላይ አለ፤ ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። አልደወልሁም። ምን ሳደርግ ነበር? እንጨት አንሥቼ የተቃጠለ ዘይት የምናጠራቅምበትን በርሜል ማማሰል ጀመርሁ፤ ምናልባት ጎሚኒው እዚያ ወድቆ ይሆናል ብዬ። አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ወደ ገደል እየሄደ እኔ በርሜል አማስላለሁ! ብደውል ፈንታሁን ይሰማል። ብደውል ሠራተኛው ይስቅብኛል። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። አልደወልሁም።

የደወለው ይርጋ ራሱ ነው። "ጋሼ፣ እባክዎ ይምጡ። ደጀንን አልፈን አፋፉ ላይ ቆመናል። የሚገርም ነገር ሆኗል" አለኝ። ድምፁ ቤተ መቅደስ አጠገብ እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ብሏል።

በጋራዡ ፒካፕ በረርሁ። ደጀንን እንዳለፍሁ አስፋልቱ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነበር፤ ከዚያ ነጠብጣቡ ተያያዘ፤ ከዚያ ጣት አከለ። የገዛ እጄን ሥራ እያነበብሁ ሄድሁ። መንገዱ ቁልቁል ሊታጠፍ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው መስመሩ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ዓባይ ከታች ክር አክሎ ይታያል። ፒካፑን ከሚኒባሷ ኋላ አቁሜ ወረድሁ።

ይርጋ የሆነውን ነገረኝ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ከዲማ ገዳም የመጡ መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ እየሄዱ ነበር። አፋፉ ጋ ሲደርሱ አቁምልኝ አሉት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስሙን ሲሰሙ ኖረው ዓባይን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። "ሐኪሙ ዓይኔን ቢያጠፋብኝስ? ይችን አንድ ነገር ልይ፣ ልጄ" አሉት። ተሳፋሪው አጉረመረመ። እሱም ሳያቆም ሊያልፍ ነበር፤ ለምን እንዳቆመ እስከ ዛሬ አያውቅም። ጥግ ይዞ ሲያቆም ዘይት ማለቁን የሚያስጠነቅቀው የዘይት መብራት በራ፣ ሞተሩ አንኳኳና ጠፋ። ቁልቁለቱ መሀል ቢሆንስ? ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ እንደሚደርቅ፣ መሪው እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ። ያንን መንገድ የወረደ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

እማሆይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያያሉ። እንደምን ዋሉ ብላቸው ፊታቸውን ከገደሉ ሳያነሡ "ይኸን የሠራ ጌታ ምን ይሳነዋል?" አሉ። ፈራሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ ደስታም ነበረበት። እኔ ጤነኛ ዓይን፣ ስልክና መዝገብ ይዤ ያላደረግሁትን እግዚአብሔር በደከመ የአሮጊት ዓይን አደረገው።

እንዲህ ያለውን በዓይኑ ያየ ሰው እዚያው ተደፍቶ እውነቱን አይናገርም? እርስዎ ቢሆኑ አይናገሩም? እኔ አልተናገርሁም። ሚኒባሷን አስጎትቼ ጋራዥ አስገባሁ፤ ፊልትሮውን ማንም ሳይደርስ ራሴ ፈታሁት። ጎሚኒው ሁለት ነበር። አንዱን ኪሴ ከተትሁ። ባለመኪናው መጥቶ "ጥፋቱ የማን ነው?" ሲለኝ፣ "የዘይት መብራት የተሠራው እኮ ሹፌር እንዲያየው ነው" አልሁት። ቃሉ እውነት ነው። በዚያ እውነት ሰው ገደልሁበት። ይርጋ በዚያው ቀን ቁልፍ አስረከበ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ሌላ ሰው በላ። "ዘይት የማያየው ሹፌር" የሚል ስም ወጣለት፤ ከዚያ ወዲህ መኪና የሰጠው የለም። አሁን ይጁቤ ገበያ በፈረስ ጋሪ እህል ያመላልሳል። "ደግነቱ ፈረስ ዘይት አይቀየርለትም" እያለ ይስቃል። ስለተረፈ በየዓመቱ በአስተርእዮ ማርያም ይዘክራል፤ እኔንም ይጠራኛል። እኔም እሄዳለሁ! ከቄሱ ጎን ያስቀምጠኛል። ተአምሩን ይተርካል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ እኔ አጨበጭባለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ራሱን ይወቅሳል፤ "መብራቱ ቀድሞ በርቶ እኔው ሳላየው ቀርቼ ይሆናል" ይላል። ያላጠፋውን ጥፋት አምኖ ተቀብሎታል። ያሳመንሁት እኔ ነኝ።

እውነቱን ብነግረው ተአምሩን እቀማዋለሁ እያልሁ ራሴን ሳታልል ኖርሁ። የኔ ቸልተኝነት ቢታወቅ የእግዚአብሔር ሥራ ይቀንሳል? ምኑ ይቀንሳል? የምሳሳለት ለራሴ ስም ነበር። በዚያ አፋፍ ላይ ያየሁትን ያህል ትልቅ ነገር አላየሁም፤ እሱኑ መደበቂያ አደረግሁት።

ዛሬ አንድ ሰው መጣ። ሚኒባስ ገዝቷል፣ ሹፌር ይፈልጋል፣ ይርጋን ጠቁመውታል። "ዘይት አያይም ይሉታል። እርስዎ ያውቁታልና፣ ልቅጠረው?" አለኝ። አንድ ቃል ነበር የፈለገው። "ነገ ልንገርህ" አልሁት። በስድስቱ ዓመት ላይ አንድ ቀን ጨመርሁ።

እግዚአብሔር አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ከነሹፌራቸው ከኔ እጅ ሲያወጣ እኔን አልጠየቀኝም። አንዱን ሰው ከክፉ ስም ማውጣት ግን ለኔ ተወልኝ፤ እኔም ስድስት ዓመት ተኛሁበት። ያደረግሁትን ባጭሩ በሌላ ወረቀት ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ነገ ጠዋት ፈንታሁንን ባዋረድሁበት ቦታ ቆሜ በሠራተኛው ፊት አነበዋለሁ፤ አንድ ቅጂ ለባለሚኒባሱ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ይጁቤ ሄጄ ለይርጋ አነብለታለሁ። ይቅር በለኝ የሚል ቃል አልጻፍሁበትም። መጀመሪያ የወሰድሁበትን ስም ልመልስለት፤ ምሕረት የምጠይቅበት አፍ የማገኘው፣ ካገኘሁም፣ ከዚያ በኋላ ነው።