የአዴላ ሦስት ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲጀምር ልጄ ሊዲያ ሹራብ ልታወጣ የድሮ ሻንጣዬን ከፈተች፤ ከሥሩም አንድ መጽሐፍ አገኘች። ሽፋኑ ላይ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ልጅ የድንጋይ ግንብ ሥር ቆማለች። ጠርዝ ጠርዙን ብል ቀምሶታል።

«ማሚ፣ አንቺ ሮማንስ ታነቢያለሽ እንዴ?»

«መንፈሳዊ ነው» አልኳት ቶሎ ብዬ። «የድሮ ተረት ነው፤ ግን ክርስቲያን ሰው እንደገና የጻፈው። እግዚአብሔርን የምትፈራ ልጅ ታሪክ ነው።»

«እንግሊዝኛ ነው'ኮ። እንዴት አነበብሽው?»

አላነበብኩትም። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አማርኛውን እንደ ልቤ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛው ግን ፊደሉን ከመለየት አያልፍልኝም። ቢሆንም መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ።

ሊዲያ ይዛው ሶፋው ላይ ተጋደመች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ ቢሮ ትሠራለች። እኔ ታክሲ ተሳፍራ «ደርሻለሁ» እስክትለኝ ድረስ ውሃ እንኳ የማይወርድልኝ እናት ነኝ። ሰሞኑን ደግሞ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ወደ በረንዳ መውጣት ጀምራለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትስቃለች። ምን ብዬ እንደምጠይቃት ጠፍቶኝ ስጨነቅ ነበርና መጽሐፉን ማንበቧ ደስ አሰኘኝ። ሽማግሌዎቹ ጋ ስትደርስ ይገባታል አልኩ በልቤ።

መጽሐፉን ያወቅሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ እዚሁ ገርጂ፣ እትዬ ወይንሸት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ገርጂ ያኔ እንዲህ በኮንዶሚኒየም አልተሞላችም። ከመገናኛ በታክሲ ሲመጡ አስፋልቱ ያልቅና ጭቃው ይጀምር ነበር። ከግቢያችን ጀርባ የባቄላ ማሳ ነበረ፤ ከመስቀል በኋላ ሴቶች እሸት ታቅፈው በር ያንኳኩ ነበር። የእሸቱ ሽታ አባቴን ያስታውሰኛል። አባቴ ለሚ በሚባል መንደር ነበር የሚያርሰው፣ አሁን የልብስ ፋብሪካዎቹ ከቆሙበት ብዙ ሳይርቅ።

እትዬ ወይንሸት ሰላም የምትባል እኩያዬ የሆነች አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። መጽሐፉን የሰጠቻት አክስቷ ናት፣ እንግሊዝኛሽን ያሻሽልልሻል ብላ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ በሳፋ ልብስ ሳጥብ ሰላም ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። አንድ ገጽ ለራሷ ታነብና በአማርኛ ትነግረኛለች። ታሪኩ የአዴላ ነው። አባቷ ሞቶ እንጀራ እናቷ ትልቅ የመስፍን ግንብ ውስጥ ወጥ ቤት ከተተቻት፤ አመድ ዳር ነው የምትተኛው። እዚያው ግቢ አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ውሻ የሚከተለው እንጨት ፈላጭ አለ። የመስፍኑ ልጅ ነው፤ የሰው ልብ ሊያይ ራሱን ደብቆ ነው።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የምሰማ ሰው አይደለሁም።

«ረቡዕ ነው አላልሽም? ምነው ሥጋ ጠበሰች?»

«የእነሱ ረቡዕ ሌላ ነው፣ ጫልቱ።»

«ክርስቲያን ናቸው አላልሽም?»

«ናቸው። እጠቢ ዝም ብለሽ።»

ከዚያ ወዲህ አዴላ ረቡዕና ዓርብ ምስር ነበር የምትቀቅለው።

እኔም የራሴ እንጨት ፈላጭ ነበረኝ። ደረጀ ይባላል፤ የጎረቤታችን የነጋዴው ሾፌር ነው። በራችን ላይ ነጭ ፒክአፕ ሲያጥብ ውሃው የእኔን እግር እንዳይነካ ቱቦውን ያዞር ነበር። ሳቁ ያምራል፤ ይህን ዛሬም አልክድም። አንድ ቀን ተረከዙ ቀጭን የሆነ ቀይ ጫማ ሰጠኝ። አልጋዬ ሥር በፌስታል ደበቅሁት። ክፍሌን ዘግቼ ሦስት አራት እርምጃ እራመድበት ነበር። ይጠበኛል፤ ግን ሲለበስ ይሰፋል እያልኩ።

«የሚቀጥለው እሁድ ናዝሬት እንሄዳለን» አለኝ። «እዚያ ቤት አለኝ፤ እንኖራለን።»

«አባቴስ?»

«ሽማግሌ የገጠር ነገር ነው። ስንወልድ አባትሽ ራሱ ይታረቀናል።»

ልቤ ሄዶ ነበር፤ ልብሴንም መለየት ጀምሬ ነበር። ለሰላም ብቻ ነገርኳት። እሷ ግን ደስ አላላትም።

«የአባቱን ስም ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር።

«ስሙን ሙሉ የማታውቂውን ሰው ተከትለሽ የት ነው የምትሄጂው?»

ተናደድኩ። «አንቺን የሚጠይቅሽ ስለሌለ ነው። ቀንተሽ ነው» አልኳት። መጽሐፏን ዘግታ ገባች። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በዚያ ግቢ ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝምና ሁለቱ ቀን ረዘመብኝ።

ሐሙስ ልብስ ስተኩስ መጽሐፉን ይዛ መጣች። «ልቀጥልልሽ?» አለች። ቅሬታዬን ዋጥኩት።

እንጨት ፈላጩ አዴላን፣ በፈረሴ ይዤሽ ልሂድ አላት። ካውያውን አቆምኩ።

«እሺ አለችው?»

ሰላም ዓይኗን ከገጹ አላነሳችም። «'አባቴ ቢሞት አጎት አለኝ። የምትፈልገኝ ከሆነ ሦስት ሽማግሌ ላክ' አለችው።»

«ፈረንጅ ሽማግሌ ይልካል እንዴ?»

«ድሮ ይልክ ነበር።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች በካፊያ መጡ። አንዱ የግንቡ ቄስ ነው፣ አንዱ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሦስተኛው ጆሯቸው የማይሰማ አዛውንት። ጋቢያቸው ረጥቧል። «ጋቢ?» አልኩ። «እንደ ጋቢ ያለ» አለች። አጎትየው ተቀመጡ ሲሏቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። የማይሰሙት ሽማግሌ ግን ነገሩ ገና ሳይጀመር ተቀምጠው «እሺ አሉ ወይ? እሺ አሉ ወይ?» እያሉ አስቸገሩ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዚህ መሀል የእትዬ ወይንሸት ሸሚዝ ከካውያው ሥር ጨሰ። ስደነግጥ፣ ልብስ የምረጭበት የውሃ ጣሳ መጽሐፉ ላይ ተደፋ።

ሰላም ገጹን በቀሚሷ ጠርጋ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ይኸው» አለችኝ። «'የሚወድ ሰው በአባት ደጅ መቆም አይከብደውም' ይላል።»

መስመሩን አየሁት። ማንበብ ባልችልም በመጽሐፍ የተጻፈ ነገር ነውና አመንኩ።

ቅዳሜ ደረጀ መኪና ሲያጥብ ወጣሁና ሦስት ሽማግሌ ላክ አልኩት። ሳቀ።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ከመጽሐፍ። እንግሊዝኛ ነው፤ አንተ አይገባህም።»

«እሺ፣ እልካለሁ» አለ። የአባቴ ቤት የት እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም።

እሁድ አለፈ። ሌላም እሁድ አለፈ። በሦስተኛው መኪናውን በወዲያኛው በር በኩል ማጠብ ጀመረ። ጫማውን በፌስታሉ እንዳለ በዘበኛው ላክሁለት። ያን ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ብዙ አለቀስኩ፤ ሰላም ቢላ አንስታ አጠገቤ ተቀመጠችና አብራኝ ከተፈች። ከጥምቀት በፊት ደረጀ ከሌላ ግቢ የምትሠራ ልጅ ይዞ ናዝሬት ሄደ። እሷ በክረምቱ ብቻዋን ተመለሰች። የእሷን ታሪክ የመናገር መብት የእሷ ነው፤ እኔ አልናገረውም።

ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ግንበኛ ለሚ ድረስ ሦስት ሽማግሌ ላከ። የሊዲያ አባት ነው። ለሠርጌ ሰላም መጽሐፉን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ባታነቢውም ያንቺ ነው» ብላ።

ሊዲያ እሁድ ጨረሰችው።

«ሽማግሌዎቹ እንዴት ናቸው?» አልኳት እየሳቅሁ።

«የምን ሽማግሌ?»

«የአዴላ። ሦስቱ።»

«ማሚ፣ ሽማግሌ የለም። ጸለየች፣ ፈረሱ ላይ ወጣች፣ ሄዱ። ከዚያ ቄስ አጋባቸው።»

መጽሐፉን ተቀብዬ አገላበጥኩ። ውሃ የነካው ገጽ ዛሬም እንደ ተጨማደደ ነው። የሰላም ጣት ያረፈበት መስመር አልጠፋኝም። «እዚህ ጋ ምን ይላል?»

ሊዲያ አጎንብሳ አየችው። «'ዝናቡ አባርቷል፤ ፈረሱም ተጭኗል።' በቃ።»

ሰላም አሁን ሐዋሳ ታስተምራለች። ደወልኩላት። «ሽማግሌዎቹን ከየት አመጣሻቸው?» አልኳት፣ ሰላምታም ሳላስቀድም።

መጀመሪያ ያ የማውቀው ሳቋ መጣ። «እኔ ስመክርሽ ቀንተሽ ነው አልሽኝ። አዴላን ግን ቀናሽብኝ አትያትም።»

«የማይሰሙትስ ሽማግሌ?»

«እሳቸውማ አያቴ ናቸው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በሌለ መስመር መኖሬ ሊያናድደኝ ይገባ ነበር፤ አላናደደኝም። ደራሲዋንም አልወቅሳትም። ባለፈረሱ ጥሩ ሰው መሆኑን ታውቃለች፤ ራሷ ናት የፈጠረችው። የእኔን ሰው ግን ማን ያውቀው ነበር? ሰላም የማታውቀውን ሰው ማስተካከል ስላልቻለች መጽሐፉን አስተካከለችልኝ።

አመሻሽ ላይ የሊዲያ ስልክ ጮኸ። በረንዳ ወጥታ ተመለሰችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ ሰላም የነገረችሽን ተረት ንገሪኝ» አለችኝ።

ካፊያውንም፣ ጋቢውንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። አያትየው ጋ ስንደርስ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች ቆየች።

«ናትናኤል ነው ስሙ» አለች።

ድምፄን አላነሳሁም።

«የአባቱስ?» አልኳት።

ነገረችኝ።