የታይስቶ ወንዝ

ታይስቶ የሰውን ዘር ለሁለት ይከፍለዋል፤ በዚህ ዳር ያለና በዚያ ዳር ያለ። በዚህ ዳር ፊንላንድ፣ በዚያ ዳር ስዊድን። መሃል ላይ የሚፈሰው የቶርኒዮ ወንዝ አንድ ነው፤ ታይስቶ ግን ይህንንም በሙሉ ልቡ አያምንም። ዕድሜውን ሁሉ ድልድዩ ላይ የጉምሩክ ፈታሽ ሆኖ የሰው ቦርሳ ሲበረብር ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ የሚበረብረው ቢያጣ፣ ለአገሩ ክፉ ዕድል ወንዙን ሰጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ አገሮች ወንዙን አብረው ሊጠብቁ ተስማሙና በየዳሩ የውሃ መለኪያ ተከሉ። መለኪያው የውሃውን ከፍታ ሌት ተቀን ይልካል፤ የፈለገ ሰው በስልኩ ያየዋል። አንዱ የተተከለው ከታይስቶ የጀልባ ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ «ጠብቅልን፣ ቆሻሻ ሲይዘው አጽዳልን» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሰላም አላገኘም። ሳውና ውስጥ ራቁቱን ተቀምጦ እንኳ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። «ወንዜ ዛሬ ደህና ነው» ይላል። ወንዜ!

ታናሽ እህቱ ሂልካ ይህን ጉራ በሰማች ቁጥር አንጀቷ ያራል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ጥሪት በጎቿ ናቸው፤ በጋውን ወንዙ መሃል ባለችው ደሴት ላይ ይግጣሉ። ጎርፉ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የወንዙ በረዶ ሲሰበር የጫካው በረዶ ቀልጦ፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ የተራራው። ልብ ያለው ሰው በጎቹን የሚያሻግረው ሁለተኛው ሲያልፍ ነው። ዘንድሮ ግን ድርቆሽ አለቀባት።

«አሻግሪያቸው እንጂ!» አላት ታይስቶ። «እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሻል? ውሃው ገና ሲያስብ አውቀዋለሁ።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ሂልካ ግን እየናቀችው አመነችው፤ ኋላም ያንገበገባት ይኸው ነው።

በሰኔ አንድ ጠዋት የአጎታቸው ልጅ አንስጋር ከማዶ ደወለ።

«ሂልካ፣ በጎችሽን አውጪ! ከወንዙ ራስጌ ያለው የኛ መለኪያ አብዷል። የተራራው ውሃ መጣ!»

እየሮጠች ታይስቶ ዘንድ ደረሰች። የታጠነ ዓሣ በአጃ ዳቦ እየበላ ነው።

«ሞተርህን አስነሳ! አንስጋር ውሃው መጣ ብሏል።»

«አንስጋር? የስዊድን መለኪያ?» አፉን ሞልቶ ሳቀ። «እነዚያ ትንኝ ስትሸና ጎርፍ ነው የሚሉ ናቸው። ይኸውልሽ የኔ፤ ንቅንቅ አላለም።»

«አንተ ሰውዬ፣ መስኮቱ ከኋላህ ነው፤ ዞር በል!»

«ዓይን ይዋሻል፤ መለኪያ አይዋሽም» አለና ሌላ ዓሣ አነሳ።

በመስኮቱ በኩል ወንዙ ጠቁሮ ግንድ እየነዳ ነበር። ያ የደነደነ አንገት ግን ላንዲት እህት ብሎ አልዞረም። ሂልካ ጥላው ወጣች።

አንስጋር ከማዶ በጀልባው መጥቶ ወሰዳት። ደሴቲቱ ጋ ሲደርሱ ሣሩ ተውጦ በጎቹ ጉብታው ላይ ተፋፍገዋል። እየጎተቱ፣ እየወደቁ ጫኗቸው። ሁለት ግልገሎች ግን እጇ ሊደርስባቸው ሲል ውሃው ነጠቃት። የእናቲቱ ጩኸት አሁንም ከጆሮዋ አልወጣም።

ቅርቡ ዳር የታይስቶ ነውና እዚያው አወረዷቸው። ግልገሎቿን ያጣችው በግ እየተንቀጠቀጠች ጀልባ ቤቱ ጥላ ሥር ገባችና ከአንድ ባልዲ ትጠጣ ጀመር። ሂልካ ተከትላት ገባች። ግድግዳው ላይ ቁጥር የሚልከው ሳጥን አለ፤ ከሳጥኑ መለኪያውን ጫፉ ላይ የያዘ ጥቁር ሽቦ ይወርዳል። ሽቦውን በዓይኗ ተከተለችው። ወደ ወንዙ አይሄድም፤ ባልዲው ውስጥ ገብቷል። ያ ጅል ወንድሟ፣ በረዶ እንዳይሰብረው ብሎ መለኪያውን ከወንዝ አውጥቶ፣ እንዳይደርቅ ብሎ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ መመለሱን ረስቶታል። ከበረዶው ጀምሮ ሁለት መንግሥት ቁጭ ብሎ የታይስቶን ባልዲ ሲጠብቅ ከርሟል።

ይኼኔ ታይስቶ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየተንደረደረ መጣ።

«አላልኳችሁም? እየቀነሰ ነው! ወንዜ በአንዴ እየቀነሰ ነው!»

አንስጋር ባልዲውን አየና ሳቁ አመለጠው። ሂልካ ግን አልሳቀችም።

«አዎ፣ ይቀንሳል» አለችው። «ያንተን ወንዝ እናቲቱ እየጠጣችው ነው። ልጆቿን የወሰደው የአንስጋር ወንዝ ነው።»