«ጠገበ እንጂ መች በላ!» ትል የነበረችው ልጄ ታደለች

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ሲገቡ የዕድር ጉዳይ መስሎኝ ወንበር ላውጣ አልኩ። ግን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለዕድር ስብሰባ አይመጣም። ልጄ ታደለች ዳምቦያ ባለው ቤቷ ሌሊቱን አርፋለች አሉኝ።

እኔ አሁንም አላመንኩም። ትናንት ማታ ደውላ «ምን በላሽ?» ብላ ስትቆጣኝ ነበር። ቆጮ በጎመን ብላት «ባቄላውስ?» አለችኝ። ሲቆጣ ያመሸ ሰው እንዴት ሳይነጋ ይሞታል?

ወደ ዳምቦያ የሚወስደን መኪና እስኪመጣ ጓዳ ገብቼ ይህን እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ስሕተት ካለ እለፉኝ።

ላላወቃችኋት፣ ታዱ በደርግ ጊዜ እዚሁ ሆሳዕና አጠገብ፣ ሌሞ ገጠር ውስጥ እናቶችን ስለ ልጆች ምግብ ታስተምር ነበር። ያኔ ገና ልጃገረድ ናት። የመጀመሪያ ቀን ሴቶቹ ሳቁባት።

«አንቺ ልጅ፣ ማንን አጥብተሽ ነው ስለ ሕፃን የምትነግሪን?» አሏት።

በማግስቱ እኔን በጋሪ ጭና ወሰደችኝ። «ይኸው፣ የወለደች አምጥቻለሁ። እሷ ትቀመጥ፣ እኔ ልናገር» አለቻቸው። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳልናገር እንደ ምስክር ወረቀት ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለ እኔ አትሄድም ነበር።

አገራችን የእንሰት አገር ነው፤ ልጅ በቆጮና በቡላ ያድጋል። እናቲቱ «ልጄማ ጠግቧል» ስትላት ታዱ «ጠገበ እንጂ መች በላ!» ትላለች። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ብቻውን ግን ልጅ አያሳድግም፤ ባቄላ፣ ጎመን፣ ከተገኘም እንቁላል ይግባበት ማለቷ ነው። ነገሩ ተለምዶ ሠርግ ቤት ወጡ ከሳሳ ሰዉ ሁሉ «ጠገብን እንጂ መች በላን» ይል ጀመር። ደጋሾቹ ታዱን እንዴት እንደሚጠሏት!

አሠራሯ እንዲህ ነበር። እያንዳንዷ እናት ከቤቷ ያላትን ታመጣለች፣ ሁሉም በአንድ ድስት ይበስላል፣ ልጆቹ አብረው ይበላሉ።

ወርቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። መሬት የላትም፣ እንሰት የላትም። ደስታ የምትባል ልጇ እግሯ አብጦ፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ መጫወት ትታ ነበር። ታዱ መንገድ ላይ «እማዬ፣ ያቺ ልጅ ካልበላች መስከረምን አታይም» ብላኛለች።

ችግሩ፣ በዚያን ጊዜ ሰው የሸክላ ሠሪ ዕቃ ይገዛል እንጂ ከሸክላ ሠሪ ጋር አይበላም። ስብሰባ ላይ «ሁላችን እኩል ነን» ሲባል እጃችን እስኪቃጠል እናጨበጭባለን፤ ምሳ ሲመጣ እነሱ ለብቻ።

አንድ ቀን ወርቄ ልጇን አዝላ አጥሩ ዳር ቆመች። ታዱ «ነይ ግቢ» አለቻት። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ እማማ ለምለም ተነሡ።

«እሷ ከተቀመጠች እኛ እንሄዳለን።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳህናቸውን አነሡ። እኔ ታዱ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እሷ እቴ!

«እሺ እማማ፣ መሄዱን ይሂዱ። ግን ይህ ድስት የማን ነው? እንዴት ያለ ጥሩ ድስት ነው!»

«የኔ ነዋ! አያንጠባጥብ፣ አያሳርር።»

«ከማን ገዙት?»

«ከወርቄ።»

«ማን አሟሸው?»

መቼም አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ወጥ አይሠራበትም፤ መጀመሪያ አንድ ነገር ይቀቀልበታል። ወርቄ ደግሞ ዕቃዋን ራሷ አሟሽታ ስለምትሸጥ ገበያ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው የእሷ ነበር።

እማማ ለምለም ጎንበስ ብለው ድስቱን አዩት። ወርቄ ከአጥሩ ዳር «እኔ ነኝ ያሟሸሁት። ጎመን ቀቅዬበት ከልጆቼ ጋር በላነው» አለች።

«እንግዲህ እማማ፣ በዚህ ድስት መጀመሪያ የበላችው ወርቄ ናት፤ እርስዎ ቀጥለው ነው» አለች ታዱ።

ከኋላ አንዷ «ውይ፣ የኔንም ያሟሸችው እሷ ናት!» አለች። «የኔንም!» አለች ሌላዋ። ሳቅ ሆነ። ይህ ሁሉ የተባለው በሀዲይኛ ነው፤ በአማርኛ ሲነገር ሳቁ ትንሽ ይቀንሳል። እማማ ለምለም ላለመሳቅ ታግለው ታግለው አልቻሉም።

«ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንበላ ኖረን አሁን ወዴት ልሽሽ! ነይ አንቺ፣ ተቀመጪ። ልጅቷን ወዲህ ስጪኝ» አሉ።

ተቆጥተው የቀሩ ሴቶች አልጠፉም። ወርቄ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልቀረችም። የደስታ እግር እብጠቱ ጎደለ። አንድ ቀን ይህቺው ዝምተኛ ልጅ ማንኪያ ተሻምታ የጎረቤቷን ልጅ በጥፊ አለችው። ልጁ ሲያለቅስ ታዱ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ተጣላች! ዳነች! እማዬ፣ ተጣላች እኮ!»

በጥፊ እልል የሚል ሰው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ደስታ መስከረምን አየች፤ ከዚያ በኋላም ብዙ መስከረም አየች።

ታዱዬ፣ ከእናትሽ ቀድመሽ መሄድሽ ወረፋ ማበላሸት ነው፤ ስመጣ እንነጋገርበታለን። ደግሞ እዚያም ገብተሽ ሰዉን ምን በላችሁ እያልሽ አታስቸግሪ። በሰላም ሂጂ ልጄ። አልተቀየምኩሽም፤ እንዳንቺ ያለ ልጅ ስለሰጠኝ አምላኬን አመሰግናለሁ።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ እንደየእምነታችሁ ስሟን ጠርታችሁ ጸልዩላት። እኔ ከነጋ ጀምሮ «አባታችን ሆይ» እላለሁ፣ መሃል ላይ ስደርስ ድምፄ ይቆረጣል። የቀረውን እናንተ ጨርሱልኝ።