ነጭ ክር ያለው ጭልፋ

በድግስ ወጥ ሠሪነት የመጀመሪያ ቀኔ ድስት አልነካሁም። ያኔ በመካነ ሰላም ከተማ ትልቅ ድግስ ሲኖር የሚጠሩት እትዬ ሰዓዳ ነበሩ። እሳቸው ዋና ወጥ ሠሪ፣ ከእሳቸው ሥር ቁሌት አብሳዮች፣ ከዚያ በታች ሽንኩርት ከታፊዎች። እኔ ከሽንኩርት ከታፊዎቹም በታች ነበርኩ። ጭልፋዎቹን ሰጡኝና እጀታቸው ላይ ክር እንዳስር አዘዙኝ፤ አረንጓዴ ለሙስሊም ሥጋ፣ ቀይ ለክርስቲያን ሥጋ፣ ነጭ ለጾም።

«ጭልፋ አይዋዋስም» አሉኝ። «ወጥ ቢያርር ይቅርታ ይጠየቃል። ጭልፋ ከተሳሳትሽ ግን ሰውየውን በሃይማኖቱ መጣሽበት ማለት ነው።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም ነበሩ። እዚህ አገር ለድግስ ሁለታችንም እናስፈልጋለን። አራጁ ይለያል፣ ሰታቴው ይለያል፣ ምድጃው ይለያል፤ ሽንኩርቱን ግን አብረን እንከትፋለን፣ አብረንም እናለቅሳለን።

እትዬ ሰዓዳ ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ደጋሽ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የእሳቸውን ጥያቄ ነው፤ «ማን ምን አይበላም?» ድሮ መልሱ በሦስቱ ክር ያልቅ ነበር። አሁን ስኳር ያለበት አለ፣ ደም ግፊት ያለበት አለ፣ በርበሬ የማይስማማው ጨጓራም አለ። ለእነዚህ ክር አላሥርም፤ ስማቸውን ይዤ ለብቻ እጨልፍላቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሽኝት ስንዘጋጅ ኃላፊው ድስቶቹን ቆጥረው ተቆጡ። «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሁሉም አንድ ዓይነት ይብላ!» አሉ።

«አንድ ዓይነት ካሉማ ሽሮ ነው የሚሆነው፤ ሁሉንም የሚያስማማ እሱ ነው» አልኳቸው።

በሽሮ ሰው መሸኘት ያዋርደኛል ብለው ተዉት። በዚያው ድግስ ላይ ከውጭ አገር የመጣች እንግዳ ነበረች፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አትቀምስም አሉኝ። ነጩን ጭልፋ አነሣሁ፣ ችግሩ አለቀ። ሊጠይቁኝ መጥተው ከጓዳ የተቀመጡት እትዬ ሰዓዳ ግን አዘኑላት። ጾሟ መቼ እንደሚፈታ አስጠየቁ። እንደማይፈታ ሲነገራቸው «ያ አላህ! ፋሲካ የሌለው ጾም!» አሉ።

ከሁሉም የማልረሳው የወይዘሮ ፋጡማን ሴት ልጅ ሰርግ ነው። ፋጡማ የከተማችን ነጋዴ ናቸው። የተወለዱት አቀስታ፣ ከክርስቲያን ቤት ነው፤ ሙስሊም አግብተው ሰለሙ። ታላቅ ወንድማቸው አያ መኮንን ለለቅሶም ለሕመምም ይመጣሉ፤ እህታቸው ቤት ግን እህል ቀምሰው አያውቁም። ሰርጉ የዋለው በገና ጾም ነው፤ አያ መኮንን ደግሞ ጾም አይገድፉም።

«ሌላው ቢያርር ግድ የለኝም» አሉኝ ፋጡማ። «ወንድሜ አንድ ጉርሻ ይጉረስልኝ። ዘንድሮ ደክሟል፤ ለሌላ ድግስ ላይደርስልኝ ይችላል።»

ቃል ገባሁላቸው። የጾመኞቹን ድንኳን ከሥጋው ሽታ አርቄ አስተከልኩ። ድስቱም ሳህኑም ሥጋ ያልነካው አዲስ ነበር። የምስሩን ጨው ለአያ መኮንን ደም ግፊት ብዬ ቀነስኩ። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ አላውቅም ነበር።

አያ መኮንን እጃቸውን ታጥበው ሳህናቸውን ተቀበሉ፤ አመሰገኑ፤ አልበሉም። እንጀራው እየደረቀ ሄደ። ጠጋ አልኩና «አያ፣ አልተስማማዎትም እንዴ? ጾም ነው፤ እኔው ነኝ የሠራሁት» አልኳቸው።

«ምግቡስ ምን ይወጣለታል፣ ልጄ» አሉ። «እዚህ ቤት በመጣሁ ቁጥር እንዲህ ነው። ሳህን ለብቻ፣ ጥግ ለብቻ። እሷ ታቀርብልኝና ትጠፋለች። ሰው እህቱ ቤት መጥቶ ብቻውን እንዴት ይውጥለታል? እኔ አልበላም ያልሁት እኮ ሥጋውን ነው። እሷን አላልሁም።»

ደነገጥኩ። ፋጡማን ከሥጋው ድንኳን ጠርቼ ነገርኳቸው።

«ኧረ በአላህ!» አሉ። «እኔ እኮ ከእሱ የምርቀው ጾሙን እንዳላጎድፍበት ነው። አጠገቡ ብቀመጥ የሚጸየፈኝ መስሎኝ!»

«ይታጠቡና ይምጡ። ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ።»

«እኔስ ምን እበላለሁ?»

«ምስር ሙስሊም ነው ክርስቲያን?» አልኳቸው። እየሳቁም እያለቀሱም ወደ ውሃው ሄዱ።

ትሪ ይዤ ወደ ጾሙ ምድጃ ስደርስ ሽሮው ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። ነጭ ክር ያለው ጭልፋ ከሥጋው ድንኳን የመጣ የቅቤ ማሰሮ ውስጥ ተነክሯል። በአባቷ በኩል የሙሽራዋ አክስት የሆኑት እትዬ ከድጃ አጠገቡ ቆመው ፈገግ ይላሉ።

«ለእህቱ ልጅ ሰርግ መጥቶ ደረቅ ሽሮ ይብላ? ነውር ነው!» አሉ። «ለክብሩ ብዬ ትንሽ ጣል አደረግሁለት።»

ጮህኩባቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ግን ጮህኩ። ምስሩንና ጎመኑንስ ነክተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ወላሂ፣ ሽሮውን ብቻ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ጥፋት የተገኘበት ልጅ ፊት መሰለ።

ምስሩንና ጎመኑን ገልጬ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። ደህና ናቸው። ሽሮውን ወደ ሥጋው ድንኳን አስወሰድኩ፤ ከጭልፋው ላይ ክሩን በጠስኩት። በሌላ ጭልፋ ምስርና ጎመን ጨልፌ ስመለስ አያ መኮንን የአቀስታው ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሥተዋል። ፋጡማ ከእጃቸው ውሃ እየተንጠባጠበ መጥተው የወንድማቸውን ክንድ ያዙ።

«አያ፣ ቁጭ በልልኝ። አብሬህ ልበላ ነው» አሉ።

ቁጭ አሉ። ትሪውን መካከላቸው አስቀመጥኩ። እሳቸው አማተቡ፣ ፋጡማ ቢስሚላህ አሉ። አያ መኮንን የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለእህታቸው አጎረሱ፤ ፋጡማም ጠቅልለው መለሱላቸው። ዋጡት። እኔም አለቀስኩ፤ በሽንኩርት አላሳብብም።

ትሪው ባዶ ሲሆን አያ መኮንን ጠሩኝ። «ልጄ፣ ምስርሽ ጨው የለውም» አሉ።

«ለደም ግፊትዎ ነው፣ አያ።»

«ነጋሪዋን አውቃታለሁ» አሉና እህታቸውን አዩ። ሚኒባሱ አመለጣቸው፤ እዚያው አደሩ።

አሁን ሥራውን ትቻለሁ። ለምትተኩኝ የምነግራችሁ ይህን ነው። ክሩን እሰሩ። የቅቤውን ማሰሮ ከአክስቶች አርቁ። ማን ምን እንደማይበላ ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት ግን ማን ከማን ጋር መብላት እንደሚፈልግ ጠይቁ።