የጋሽ ግርማ ካሴት እና ኢንጂነሩ

ትናንት ከሰዓት እዚህ ለንደን፣ ሃርልስደን ሰፈር፣ እትዬ ዘውዴ ቤት ተቀምጬ ያየሁት ነገር እስካሁን ያቅለሸልሸኛል...

እትዬ ዘውዴ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ግርማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድሮ ስለ ስደተኞች የቤት ችግር የለንደን ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ስርጭት ቀርበው ተናግረው ነበር። እትዬ ያንን በቪዲዮ ካሴት ቀድተው አስቀምጠዋል። የጋሽ ግርማ ድምፅ የቀረው እሱ ላይ ብቻ ነው። ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆየ።

ታዲያ ፊንስበሪ ፓርክ የሚኖር፣ ሁሉም «ኢንጂነር» የሚለው አንድ የአገራችን ሰው «ወደ ኮምፒውተር እገለብጥልዎታለሁ፣ በነፃ» ብሎ ወሰደው። ወራት አለፉ። «እትዬ፣ ደውለው ይጠይቁት እንጂ» ስላቸው፣ «ነውር ነው ልጄ፣ በነፃ የሚሠራልኝን ሰው ልነዝንዘው?» አሉኝ። ይባስ ብለው ድፎ ዳቦ ጋግረው ላኩለት።

ትናንት መጣ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። እትዬ መነጽራቸውን ጠርገው ወንበራቸውን አስጠጉ... ጥቁር ስክሪን ላይ ቢጫና አረንጓዴ ፊደል ተደረደረ። የአየር ጠባይ። የፈረስ እሽቅድምድም ውጤት። ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት።

«ግርማስ?» አሉ እትዬ።

«ይኸውልዎት፣ ይሄ ቴሌቴክስት ይባላል። የድሮ ቴሌቪዥን ከምስሉ ጋር ጽሑፍም ይልክ ነበር፤ ከላይ ዓይን በማያያቸው መስመሮች ደብቆ። ሰው በሪሞት የገጹን ቁጥር ይነካና ገጹ ዞሮ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ካሴት ሲቀዳ እሱም አብሮ ይቀዳል። እኔ የምሰበስበው እሱን ነው... ብርቅ ነገር ነው።»

«ምስሉስ?» አልኩት እኔ።

«ምስሉን ሴቭ አላደረግሁትም። ቦታ ይይዛል።»

«ካሴቱስ?»

«ሻግቶ ነበር እኮ... ጣልኩት።»

ይህን የሚለው የእትዬን ሻይ ፉት እያለ ነው። ሌባ እንኳ ይሻላል፣ የወሰደውን ዋጋ ያውቃል። እኔ ደግሞ አፌ አይያዝም... «አንተ ሰው ነህ?» ብዬ ልጀምረው ስል እትዬ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው «ምን ይላል፣ አንብቢልኝ» አሉኝ። «ለንደን፣ ዝናብ» ይላል። «አዎ... ያን ቀን ዘንቦ ነበር። ጃንጥላ አስይዤው ነው የወጣው» አሉ።

ሊሄድ ሲነሳ ተቆጥተው የሚያባርሩት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደከምክልኝ» ብለው እስከ በር ሸኙት። እሱም ጫማውን እያሰረ «ሌላ ካሴት ካለዎት አደራ፣ ይደውሉልኝ» አላቸው። እትዬ በሩን ዘግተው መኝታ ቤት ገቡ... ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር።

እሱን እንደሆነ ተጸይፌዋለሁ፤ የበደለንን አመስግነን የምንሸኝበትን ይሉኝታችንን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።