የግርማን ፎቶ ይዘን ሳጉሬ

ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ ከአባቴ ጋር ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ሄድኩ። የሄድነው አንድ ፎቶ ለማድረስ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ ከክፍላችን ልጆች የሚመላለሱበት ብዙ ናቸው። እኔ ግን በዚህ ክረምት መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ ስለ ጭቃው እንኳ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ትምህርት ሲከፈት ለክፍሉ የማነበው ይህንኑ ነው፤ አንዲት ቦታ ብቻ እዘላለሁ።

አባቴ ፎቶ አንሺ ነው። ሥራውን የጀመረው ገበያ ዳር ባለ ሦስት እግር የእንጨት ካሜራ ተክሎ፣ ራሱን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከትቶ፣ ፎቶውን ባልዲ ውስጥ እያጠበ ነበር። ዛሬ ጨለማ ክፍልና ፎቶ የሚያሳድግ ማሽን አለው። በዚህ ክረምት ለእኔ ያስተማረኝ ግን ማጥራትን ነው፤ ፎቶ ላይ የሚወጣውን ነጭ ነጥብ፣ ጭረትና የእጥፋት መስመር በቀጭን ብሩሽ በቀለም መሙላት። እጄ አይንቀጠቀጥም። አባባ አንድ ቀን "ከእኔ ትበልጫለሽ" ካለኝ ወዲህማ እግሬ መሬት አልነካም።

የያዝነው ፎቶ የግርማ ነው። ግርማ ሳጉሬ የሚኖሩት የእትዬ ዘነበች ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ወደ ሰሜን ተላከ፤ ዘንድሮ በሐምሌ መርዶው መጣ። አስከሬን አልመጣም። ከመልኩ የቀረችው ከተማሪ መታወቂያው ላይ የተላጠች አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፤ ጫፏ ላይ ማኅተም ያረፈባት፣ ታጥፋ ታጥፋ የተሰነጣጠቀች። አጎቱ በጨርቅ ቋጥረው አመጧት። አባባ መልሶ አንስቶ አሳደጋት። ትልቁ የፎቶ ወረቀት ከአዲስ አበባ ከመጣልን ቆይቷል፤ የግርማ ፎቶ የወጣው በመጨረሻው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ አቀርቅሬ ማኅተሙን አጠፋሁ፣ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ሞላሁ። ግርማ ትናንት የተነሣ መሰለ።

አባባ በካርቶን ሲጠቀልለው፣ "ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ሬሳው ፎቶው ነው" አለኝ። "እንዳይረጥብብሽ።"

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ አሰላ

ላንድሮቨሩ እስኪሞላ ጭጋግ ውስጥ ቆምን። ለአንድ ሰው ሁለት ብር ነው፤ ዶሮ የያዘ ዶሮውን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ጭላሎ የት እንዳለ አይታወቅም ነበር፤ ተራራው ያለበት በኩል ሰማዩ ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። እኔ ካርቶኑን ደረቴ ላይ አቅፌ መሐል ተቀመጥኩ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰዎች ሥራዬን ሲያዩ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ነበር።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። ፎቶ ነው አልኳቸው። ከዚያ ስለ ፊልሙ አነሱ፤ ለካ እሳቸውም አይተውታል። በሐምሌ የፊልም መኪና አሰላ መጥቶ፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥሮ፣ አፋር በረሃ ውስጥ ስለተገኘችው የጥንት ሰው አጥንት አሳይቶን ነበር። ሰዎች በፀሐይ ተንበርክከው አሸዋ በወንፊት ሲነፉ፣ የጥርስ መፋቂያ የምታህል ስብርባሪ ሲያገኙ ሲተቃቀፉ አየን። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደረደሩት። የጎደለውን ሠርተው ሞሉት፤ የሞሉበት ግን በሌላ ቀለም ነበር፤ የትኛው አጥንት የእሷ፣ የትኛው የእነሱ እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። እኔ ያን ቀን ለአባባ፣ "እኔ ብሆን ልዩነቱ እንዳይታወቅ አድርጌ ነበር የምሞላው" አልኩት። አባባ ሳቀ።

ሽማግሌው ፊልሙ እንደገረማቸው ነገሩኝ። መኪናው ጭቃ ውስጥ እየዋለለ ጥቂት እንደሄድን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያቺን አሮጊት የስንት ዘመን አጥንቷን ከአሸዋ ለቀሙላት" አሉ። "የኛን ልጆችስ ማን ይለቅምልናል?"

ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና፣ "ኦቦ፣ መንገዱ መጥፎ ነው፤ በደንብ ያዙ" አላቸው። ሽማግሌው ብረቱን ያዙ። እስከ ሳጉሬ ድረስ ዶሮዋ ብቻ ነበረች የምትናገረው። የምዘለው ይህን ነው።

ሦስት ሰዓት፣ ሳጉሬ

ከመኪናው ስንወርድ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ዋጠን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገብስ በዝናቡ ተኝቷል። ጋሪ ተከራየን፤ ባለጋሪው የማን ለቅሶ እንደሆነ ሲሰማ ጅራፉን ሰበሰበና ፈረሱን በእርምጃ ነዳው።

ደጁ ላይ ዳስ ተጥሏል። መሐሉ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የግርማ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ጃኬት ተጣጥፏል፣ ጫማው ተወልውሎ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ ትተዋል። ለፎቶው ነው። ለቅሶው የሚጀምረው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዲገሉም ከጢጆም ሰው እየመጣ ነበር።

እትዬ ዘነበች ካርቶኑን ራሳቸው ፈቱት። አጠገባቸው ጎረቤታቸው አዴ ፋጡማ እጃቸውን ይዘው፣ "ኦብሲ፣ ኦብሲ" ይሏቸዋል፤ ቻይው ማለታቸው ነው። እትዬ ዘነበች ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ቆሜ ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

"ቆንጆ ልጅ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የማን ነው?"

አባባ ፎቶው የግርማ መሆኑን አስረዳ፤ ትንሿን ጉርድ ፎቶም ከኪሱ አውጥቶ አሳየ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው ልጅ ግራ ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በሰባት ዓመቱ ፈረስ ረግጦት ነው፤ ደሙ አልቆም ብሎ በነጠላ ጠፍረው ተሸክመውት ሮጠዋል። "በዚያ ጠባሳ ነው ከሩቅ የማውቀው" አሉ። "ይሄ የሰው ልጅ ነው። በሰው ልጅ አላለቅስም።"

የግርማ አክስት ከወዲያ ሆነው፣ "አሰላ ፎቶ ቤት ሰው ያሳምራሉ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ እንዲህ አድርገው ነው" አሉ።

አባባ ትንሿን ፎቶ ወደ ብርሃን አዞራት። እኔም አየሁ። ከስንጥቆቹ መካከል አንዷ ስንጥቅ አልነበረችም። ቅንድቡን አቋርጣ ወደ ግንባሩ የምትወጣ ቀጭን መስመር ናት፤ ከሌሎቹ ጋር ቆጥሬ ሞልቻታለሁ። በብሩሽ፣ ፀጉር በፀጉር፣ እየተደሰትኩ።

አባባ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ" ማለት ሲጀምር፣ "አይደለም" አልኩ፤ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስንጥቅ መስሎኝ ነው።"

አሰላ ተመልሶ ሌላ ማተም አይቻልም፤ ጊዜውም የለም፣ ወረቀቱም የለም። አባባ ከቦርሳው የፎቶ ጠርዝ የሚከረክምበትን ምላጭ አወጣ። ቀለሙን በምላጩ ጫፍ ቀስ ብሎ መፋቅ ይቻላል። ትንሽ ከጠለቀ ግን ወረቀቱ ይላጣል፤ ዓይኑ ላይ ነጭ ቁስል ይቀራል። እሱ ይሠራዋል ብዬ ስጠብቅ ለእኔ ዘረጋልኝ።

"የሞላሽውን የሚያውቀው ያንቺ እጅ ነው" አለኝ።

እጄ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ዘነበች አዩኝ። ከመደባቸው ተነሥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ጣታቸውን ግራ ቅንድቤ ላይ አሳረፉ። ጣታቸው ሸካራና ቀዝቃዛ ነበር። "ከዚህ ይጀምራል" አሉ። ቀስ አድርገው ወደ ላይ ሳቡት። "እዚህ ላይ ትንሽ ይጠማዘዛል፤ እዚህ ያልቃል። አላስቸኩልሽም፣ ልጄ።" ሦስት ጊዜ ፊቴ ላይ ሳሉት። ከዚያ አቀርቅሬ ፋቅሁ። የምከተለው ፎቶውን ሳይሆን ቅንድቤ ላይ የቀረውን የጣታቸውን ቅዝቃዜ ነበር።

ስጨርስ ሥራው አላማረም። መስመሩ ከእውነተኛው ትንሽ ይሰፋል፤ ፊቱ ላይ የሰው እጅ እንደነካው ያስታውቃል። እትዬ ዘነበች ፎቶውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጠባሳውን ዳሰሱ።

"መጣህ?" አሉት።

ከዚያ ነው ለቅሶው የተነሣው። ስድስት ሰዓት አልጠበቀም።

ከሰዓት በኋላ፣ መልስ

ንፍሮ ተሰጠን፤ እፍኜን እንደያዝኩ ላንድሮቨር ላይ ወጣሁ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። አባባ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሰላ ልንገባ ስንል ብቻ፣ "እኔም ሳላየው ነው የጠቀለልኩት" አለ። የፊልሙ ሰዎች የጎደለውን በሌላ ቀለም የሞሉት ስላልቻሉበት እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እነሱ ያላገኙትን አገኘን አላሉም። እኔ ያገኘሁትንም አጠፋሁ።

ቤት ገብቼ የግርማ ኔጋቲቭ ያለበትን ፖስታ አወጣሁና በእርሳስ "ግራ ቅንድብ፣ ጠባሳ፣ የራሱ" ብዬ ጻፍኩበት። አሁን ማንም ማጥራት የሚፈልግ ፎቶ ሲያመጣ ብሩሽ ከማንሣቴ በፊት ፊቱ ላይ ምን እንዳለ እጠይቃለሁ። ሥራ ይዘገያል፤ አባባ ግን አይከለክለኝም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ፎቶ ሊነሣ መጣ። ስሙ ለውትድርና ወጥቶ፣ ሰኞ የሚሄድ ነው፤ ፎቶው ለእናቱ የሚተውላት ነው። ሲነሣ አገጩ ሥር ያለችውን ትልቅ ጥቁር ነጥብ አሳየኝ።

"እህት፣ ይህቺን አጥፊልኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አስቀይማኛለች" አለኝ እየሳቀ።

እናቱ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። ገበያ ናቸው አለ።

"እንግዲያው እሳቸው መጥተው ይንገሩኝ" አልኩት። ብሩሹን ጠርሙሱ ውስጥ መለስኩት።