የታጠፈች ጫፍ

ሰፈሩ የሚያውቃት «ችኩሏ» ብሎ ነው። ስሙ የወጣላት ገና ልጅ ሳለች፣ አባቷ ጋራዥ ውስጥ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ተፈናጣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን እንደ መሪ ስታሽከረክር ነው። እናቷም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ትተርትባት ነበር፤ ከአደጋው ወዲህ ግን ይህች ተረት ከዚያ ቤት ወጥታ ሄዳለች። እናትየው ልትላት ትጀምርና መሀል ላይ ስለ አየሩ ታወራለች።

አደጋው የደረሰው በዝናብ ቀን፣ የመኪና ውድድር ላይ ነው። ቀጥ ያለው መንገድ አልቆ ወደ ግራ የሚታጠፈው ኩርባ ላይ መኪናዋ ውሃው ላይ ተንሸራተተና ከጎማ ክምር ጋር ተላተመ። የፊት ክፍሉ ተጨማደደ፣ ቀኝ እግሯም እዚያው ውስጥ ደቀቀ፤ ሐኪሞቹ ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ብርድ ልብሱን ሰረቅ አድርገው እያዩ፣ ሻይ ፉት እያሉ፣ «እንግዲህ ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ተባባሉ፤ እሷ በምትሰማበት። እግሩ የተቆረጠ ሰው ጆሮውም አብሮ የተቆረጠ የሚመስለው ብዙ ነው። እናትየው ሁሉንም አመስግና በር ድረስ ሸኘቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁለት ዓመት ድካም ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ጠዋት ሰው ሠራሹን እግር ከማጥለቋ በፊት ካልሲውን ሳይጨማደድ ማልበስ፣ ማታ አውልቃ የተላጠውን ቦታ ቅባት መቀባት፣ ደረጃ ስትወጣ መጀመሪያ ደህናውን እግር፣ ስትወርድ መጀመሪያ የውሸቱን። በሙቀት ቀን የተቆረጠው ቦታ ያብጣል፣ በብርድ ቀን የውሸቱ እግር ይላላል። የሌለው እግሯ ጣት ያሳክካታል፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይታከክም። ከሁሉ የሰለቻት ግን «አይዞሽ» የሚለው ቃል ነበር። ዳቦ ሻጩ አይዞሽ፣ ታክሲ ነጂው አይዞሽ፤ አንድ ቀን ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ ሐኪሙ እግሯን እያየ አይዞሽ አላት። የማትላት እናቷ ብቻ ነበረች። እሷ «ጫማ ስትጨርሺ ግማሹን ነው፤ በረከት ነው» ብላ አባትና ልጅን አስቃ ታውቃለች።

አባትየው ብዙ የማይናገር መካኒክ ነው። ልጁ «ልመለስ ነው» ስትለው አልመከራት፣ አልከለከላት፤ ዝም ብሎ ሄዶ መኪናዋ ስር ገባ። በውሸት እግር ቤንዚን የሚሰጥ ሰው ምን ያህል እንደረገጠ አያውቅምና፣ ቤንዚኑን ከእግር ወደ እጅ አመጣላት። ከመሪው ጀርባ በጣቶቿ የምትስባት፣ ምላስ የምታህል ብረት ሠራ፤ ከብረቷ የሚነሳው ሽቦ በዳሽቦርዱ ስር አልፎ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ስትስባት መኪናው ይሮጣል፣ ስትለቃት ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን ግራ እግሯ ብቻውን ወረሰ። መኪናውን የለመደችው ጋራዡ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ እያዘገመች ነበር። ሽቦው በየቦታው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የእያንዳንዱ ፕላስተር ጫፍ ደግሞ ታጥፎ እንደ ጆሮ ቆሟል። አባቷ ፕላስተር ሲጠቀልል ጫፉን ሳያጥፍ አይተውም። ልጅ ሳለች ለምን እንደሆነ ጠይቃው፣ «ነገ በዘይት እጁ የሚፈታው ሰው አለ፤ ለሱ እዘኚለት» ብሏት ነበር።

የመመለሻው ቀን ደረሰ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከከባድ ጉዳት የሚመለስ ነጂ በውድድሩ ዋዜማ የሙከራ ዙር ይነዳል፤ እጅግ ከዘገየ ለሌሎቹም አደጋ ነውና ፈቃዱን ይነጠቃል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ለእሷ ጠዋት ሁለት ሙከራ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ተሰጣት።

የጠዋቱ ሁለቱም ከሸፉ። ኩርባዎቹን እንደ ድሮዋ ትይዛለች፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ግን ሌሎቹ እሷ የቆመች ይመስል እያለፏት ይሄዳሉ። ብረቷን እስከ መጨረሻው ስባታለች፤ ቢያንስ የሳበች ይመስላታል። ሁለተኛውን ስትጨርስ የውድድሩ ኃላፊ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሽማግሌ፣ መስኮቷ ጋ ጎንበስ አለ።

«የኔ ልጅ፣ ፍርሃት ነውር አይደለም» አላት። «እጅሽ ሳታዢው ይለቃል። ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ።»

«አልለቀቅኩም» አለች።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለና መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን እየዳበሰ ሄደ።

ችኩሏ ጎማ ላይ ተቀምጣ እጇን አየችው። መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥላ ሰውየውን አመነችው። ሁለት ዓመት ሙሉ አልፈራሁም ስትል የኖረችው ለካ እጇን ሳትጠይቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ከንዴቱ በታች እፎይታም ነበር፤ ማንም ሳይቀሰቅሳት ለአንድ ወር መተኛት አማራት። ይህን መመኘቷ ከሁሉ በላይ አሳፈራት።

አባቷ የውሃ ጠርሙስ ይዞ መጣ። «በቃሽ ልጄ» አላት። «ሞክረሻል። ዕቃውን ልሰብስብና እንሂድ።»

«መኪናው ምን ሆኖ ነው?»

«መኪናው ምንም አልሆነም። እኔው አይቼዋለሁ።» ይህን ሲል የሚያየው ጠርሙሱን እንጂ እሷን አልነበረም። ከዚያም የመጡበትን ጭነት መኪና ሊያቀርብ ሄደ።

በዚህ መሀል የሌሎቹ መኪኖች እየተንደረደሩ አለፉ። ጆሮዋን ጣል አደረገች። የእያንዳንዱ ሞተር ድምፅ ኩርባው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይቀጥናል፤ ሞተር ያለውን ሁሉ ሲሰጥ እንዲያ ነው የሚጮኸው። የእሷ ሞተር ጠዋቱን ሙሉ አንድም ጊዜ እንዲያ አልጮኸም። ፈርታ ለቅቃ ቢሆን እንኳ ከመልቀቋ በፊት አንዴ መጮህ ነበረበት።

የውሸቱን እግር አውልቃ መኪናዋ መቀመጫ ላይ በደረቷ ተኛችና እጇን ዳሽቦርዱ ስር ሰደደች። አይታይም፤ ሽቦውን በጣቷ ተከተለች። አንድ ፕላስተር፣ ሁለት ፕላስተር። ሦስተኛው ወፍራም ነበር። በውስጡ ጠንካራ ነገር አለ፤ ሽቦው ላይ ተጨፍልቆ የተያዘ ዳዶ፣ የብሎን ማሰሪያ። ብረቷ ገና መንገዷን ሳትጨርስ ዳዶው ከሽቦው ማቀፊያ ጋር ይጋጭና ሁሉንም ያስቆመዋል። የማን ሥራ ነው ብላ አልጠየቀችም። ጫፉ ታጥፏል።

አባቷ ሲመለስ እዚያው እንደተኛች አገኛት።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ ይህ ሰው ከአደጋው ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከጋራዡ አይወጣም ነበር።

«ያ ሰውዬ ፈራሽ ሲለኝ፣ እኔም ሳምነው፣ አንተ ውሃ ይዘህልኝ መጣህ» አለች። አልጮኸችም፤ ለመጮህም ደክሟታል።

«ፈሪ የተባለ ሰው በሕይወት ይኖራል» አለ።

«ጠዋቱን ሙሉ ሞቼ ነው የዋልኩት። አላየኸኝም?»

አባትየው ክሪኩ ላይ ቁጭ አለ። «ይቆረጥ የሚለውን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ራስሽን ስተሻል፤ እናትሽ እስክሪብቶውን መያዝ አቃታት። በዚህ እጄ ፈረምኩ። ልጄ፣ ሁለተኛ የምፈርምበት እጅ የለኝም።»

ይህን ሰምታ አታውቅም። ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ስር ኖረው ማንም አልነገራትም። አዘነችለት፤ ንዴቷ ግን አልለቀቃትም።

«ጫፉን ለምን አጠፍከው?» አለች።

«ምኑን?»

«እንዳላገኘው ከፈለግክ የፕላስተሩን ጫፍ ለምን አጠፍከው?»

እጁን አገላብጦ አየው። «እንጃ» አለ። «እጄ ለምዶ ነው።» ቀጠለናም፣ «ለሚፈታው ሰው ነዋ» አለ።

«እንግዲያው አንተው ፍታው።»

ጎንበስ ብሎ ገባ። ጫፏን ይዞ ሲስባት ፕላስተሩ ሳያስቸግር ተፈታ። ዳዶውን በፒንሳ ሲፈለቅቅ ግን ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አቧራ ነው አለ። እሷም አቧራ ነው ብላ ተቀበለችው።

ከምሳ በኋላ ሰማዩ ደመነ፤ ዝናብ ግን አልጣለም። ብረቷን ስትስባት ጠዋት ከቆመችበት አልፋ ሄደች፣ ሞተሩም ቀጠነ። ከፊቷ ያለው መኪና ጀርባ እየቀረበ መጣ። ደስ አላት ማለት ይከብዳል፤ የደከመው ሰው ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሲፈታ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው የተሰማት። ያ ኩርባ መጣ። የጎማው ክምር አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ጣቶቿ ሊለቁ ሲሉ ታወቃት። አልታገለቻቸውም፤ ከሌሎቹ ትንሽ ቀደም ብላ ለቀቀች፣ ኩርባውን ያዘች፣ መልሳ ሳበች። በየዙሩ እንዲሁ አደረገች።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አገኘው፣ እንደገና አየ። ከሁሉ የመጨረሻ ናት፤ ደንቡ ከሚለው ግን አላለፈችም። «ነገ ከሁሉ ኋላ ነው የምትነሺው» አላት።

አባቷ መጥቶ ሄልሜቷን ተቀበላት። ፊቱ አመድ መስሏል። «ኩርባው ጋ ድምፁ ቀነሰ» አለ። «ሽቦው ያዘ እንዴ? ሌላ ነገር አላስገባሁም፣ እውነቴን ነው።»

«አልያዘም» አለች። «እኔ ነኝ የለቀቅኩት።»

«ፈርተሽ?»

«አዎ፣ ፈርቼ። ነገም እለቅ ይሆናል።» የውሸቱን እግር አውልቃ አጠገቧ አቆመችው፤ የተላጠው ቦታ ደምቷል። «ግን የምለቀው እኔ ነኝ።»

አባትየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከኪሱ ጥቁሩን ፕላስተር አወጣና፣ ዳዶው የላጠውን የሽቦ ሽፋን ሊጠቀልል ዳሽቦርዱ ስር ገባ። ሲጨርስ ጫፏን አጠፈ።